አጋጣሚ ወይስ ሴራ? በሁለቱ ቃላት መካከል የተረሳው ታሪክ

«ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።»

የአገራችንን የፖለቲካ ወሬ ለአንድ ሳምንት ብቻ የተከታተለ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይሰማ አያልፍም። ገበያ ተቃጥሎ በማግስቱ ስለ መልሶ ማልማት ከተወራ በአጋጣሚ አይደለም። ኢንተርኔት የተቋረጠው ስብሰባ በተጠራበት ቀን ከሆነ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለት ሹማምንት በአንድ ሳምንት ከወንበራቸው ከተነሡ በአጋጣሚ አይደለም። የሐረጉ ጉልበት ያለው የቀረውን ነገር ሰሚው ራሱ እንዲጨርሰው ማድረጉ ላይ ነው። «በአጋጣሚ ካልሆነ ታዲያ በምን?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። መልሱ ሳይነገር ይታወቃል፦ ሴራ ነው።

ከወዲያኛው ወገን ደግሞ መግለጫ ሰጪው አለ። ግንብ ሲደረመስ፣ መድኃኒት ከመጋዘን ሲጠፋ፣ ሕዝብ ሲራብ «ድንገተኛ ነው»፣ «ያልተጠበቀ ክስተት ነው»፣ «ከአቅም በላይ ነው» ይላል። የእሱም ሐረግ እንዲሁ ጉልበተኛ ነው። ድንገተኛ ለሆነ ነገር ተጠያቂ አይፈለግለትምና።

ሁለቱ ወገኖች ጠላት ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ምርመራውን ሳይጀመር ይዘጉታል። አንዱ ጥፋተኛው አስቀድሞ ስለታወቀ መረጃ አያስፈልግም ይላል፤ ሌላው ጥፋተኛ ስለሌለ መረጃ አያስፈልግም ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ሰው አልባ ሆኖ ቀርቷል። የሚያስገርመው ደግሞ አማርኛ ለዚያ ሜዳ የቃል ድሃ አለመሆኑ ነው። አጋጣሚ፣ ገጠመኝ፣ ግጥምጥሞሽ፣ ዕድል፣ ዕጣ፣ ድንገት፣ ዱብ ዕዳ፣ ቀን… እያንዳንዱ ቃል ለአንድ ክስተት የተለየ ባለቤት ይሰጠዋል። የትኛው ቃል ለየትኛው ክስተት እንደተሰጠ ማየት የታሪካችንን ግማሽ ማንበብ ነው።

ገጠመ ከሚለው ግሥ የተወለዱት

መነሻው «ገጠመ» ነው። በር ሲዘጋ ይገጥማል። ድስት ግጣም አለው። የስንኝ መድረሻ ከመድረሻ ሲስማማ ግጥም ይባላል። ሁለት ቡድን ሜዳ ሲገባ ግጥሚያ ይሆናል። መንገድ ከመንገድ የሚገናኝበት መጋጠሚያ ነው። ችግር መንገድ ላይ ሲጠብቅህ ደግሞ «ገጠመኝ» ትላለህ። ይህ የመጨረሻው ግሥ እስከነባለቤቱ ስም ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ ጋዜጦች «ገጠመኝ» የሚል ዓምድ ሲከፍቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ርዕስ ማድረጋቸውን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

«አጋጣሚ» የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አፈጣጠሩ ግን ልዩ ነው። ሁለት ሰዎች ሲዋጉ የሚያዋጋቸው አዋጊ ነው። ሲጫረቱ የሚያጫርታቸው አጫራች ነው። ሲደራደሩ የሚያደራድራቸው አደራዳሪ ነው። በዚሁ ሥርዓት ሁለት ነገሮች ሲጋጠሙ የሚያጋጥማቸው አጋጣሚ ይሆናል። ቃሉን ሰዋስዉ በሚለው መንገድ ካነበብነው አጋጣሚ ማለት «ገጣጣሚው» እንጂ «በባዶ የመጣ» ማለት አይደለም። ባለቤት የሌለውን ነገር የምንጠራበት ቃላችን ባለቤት ያለው ቅርጽ ይዟል። አማኝ ሰው «አጋጣሚ የሚባል ነገር የለም፣ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ሲል፣ ሴራ ፈላጊው ደግሞ «ከጀርባው ማን አለ?» ሲል፣ ሁለቱም ሳያውቁት ቃሉን በቅርጹ እያነበቡት ነው።

ሁለተኛ ትርጉምም አለው። በቴሌቪዥን የቀረበ ሰው ሁሉ «ይህን አጋጣሚ በመጠቀም ማመስገን የምፈልገው» ብሎ ይጀምራል። እዚህ ላይ አጋጣሚ ማለት ምቹ ጊዜ ነው። ስለዚህ ያው ቃል ያልታሰበውን ግጥሚያም፣ ተዘጋጅቶ የጠበቀ ሰው የሚጠቀምበትን ቀዳዳም ይጠራል። ይህ መንታነት ወደ ዓድዋ ስንደርስ ይጠቅመናል።

«ግጥምጥሞሽ» ሌላ ነው። ቅርጹ ከድብብቆሽ እና ከቅብብሎሽ ጋር አንድ ነው፤ ብዙዎች እርስ በርስ የሚሠሩት፣ አንድ አለቃ የሌለው ነገር። ብዙ ምክንያቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ መጥተው አንድ ቀን ላይ ሲገናኙ ትክክለኛው ቃል ይህ ነው።

«ዕድል» ከማደል ነው። ማደል በድርሻ መስጠት ነው፤ «ታድለሻል» የምትባል ሴት አንድ ሰጪ ያላት ይመስላል፣ «አልታደልንም» የሚል ሕዝብም እንዲሁ። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚል ሰው ደግሞ ድርሻው ገና በጨቅላነቱ ተቆርጦ አልቋል ማለቱ ነው። «ዱብ ዕዳ» ያልተበደሩት ብድር ከሰማይ ሲወድቅ ነው። «ቀን» ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፤ «ቀን ጣለው»፣ «ቀን ወጣለት» ስንል ጊዜ ራሱ እጅና እግር አውጥቶ ሰው የሚጥልና የሚያነሣ ይሆናል።

ከዚህ የመጨረሻ ቃል እንጀምር።

ክፉ ቀን

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ ላይ የወረደው ረሃብ በሕዝብ ትዝታ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀርቷል። የአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ። የሚያርስ በሬ ጠፋ። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተከታተሉ። ከሕዝቡ እስከ ሲሶ ሳይሞት እንዳልቀረ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ቀኑ ግን ክፉ የሆነው ከራሱ ተነሥቶ አልነበረም። ጣሊያን ምጽዋን የያዘው በ1877 ዓ.ም. ነው። ዶጋሊ ላይ ከተመታ በኋላ ብዙ ሺህ ወታደር አምጥቶ ባሕሩ ዳር ላይ አሰፈረ። ለዚያ ጦር ቀለብ የሚሆን ከብት ከባሕር ማዶ ተጫነ። ከከብቱ ጋር አብሮ የገባው በሽታ ከወደቡ ወደ ደጋው ወጣ። ከደጋው ወደ ደቡብ ተጉዞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን አፍሪካ አዳርሶ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። የእኛ አርሶ አደር ለዚህ በሽታ የሰጠው ስም «ደስታ» ነው። ክፉውን በግልባጭ ስሙ ጠራው።

አሁን ግጥምጥሞሹን እንይ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። በዚያው ዓመት ክረምት ጣሊያን አስመራ ገባ፤ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ኤርትራ ብሎ የሰየመውን ቅኝ ግዛት አወጀ። ደጋውን የሚጠብቅ ንጉሥ ሞቶ፣ ደጋውን የሚያርስ በሬ አልቆ፣ ሕዝቡ ተርቦ ሳለ ወራሪው ያለ ብዙ ውጊያ ሽቅብ ወጣ።

«በአጋጣሚ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። አይደለም፤ ከብቱን ያመጣው የወረራው ጦር ነው፤ በደከመው አገር ላይ የተጠቀመውም እሱው ነው። «እንግዲያው ሴራ ነው?» ተብሎ ይጠየቅ። ይህም አይደለም። በሽታው የጣሊያንን የራሱን ቀለብም ፈጅቷል፤ የመተማን ጥይትም ሮም ውስጥ የተኮሰው የለም። የሆነው ነገር ሦስተኛ ዓይነት ነው፦ ማንም ያላቀደው፣ ነገር ግን ከአንድ ሰው ሥራ ተያይዞ የመጣ ውጤት። ምክንያት አለው፤ ዐቃጅ የለውም። ተጠያቂ አለው፤ ሴረኛ የለውም።

«ክፉ ቀን» የሚለው ስም ይህን ሁሉ ይውጣል። ቀን አይከሰስም፤ ቀን አይጠየቅም። ሕዝቡ ቀኑን ረግሞ፣ ታግሦ፣ ቀብሮ አለፈ።

ኪዳነ ምሕረት የትኛዋ ናት?

የካቲት 22 ለ23 አጥቢያ፣ 1888 ዓ.ም.። ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሌሊት አስነሣ። ሦስት ጓዶች ፊት ለፊት፣ አንድ ተጠባባቂ ከኋላ። በግራ ያለው የጄኔራል አልቤርቶኔ ጓድ እንዲይዝ የታዘዘው ኮረብታ በንድፍ ካርታው ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተጽፏል። አልቤርቶኔ ንጋት ሳይሆን ቦታው ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛዋ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት ናት አሉት። እሱም ስሟን ተከትሎ ኪሎ ሜትሮች ወደ ዓድዋ ተጠጋ። ሲነጋ ከወገኖቹ ተነጥሎ በዐፄ ምኒልክ ጦር ፊት ብቻውን ተገኘ። የቀረው ታሪክ የታወቀ ነው፤ አራቱ ጓዶች ተራ በተራ ተመቱ። ከጄኔራሎቹ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ።

ከድሉ በኋላ ሦስት ዓይነት ቋንቋ ተወለደ። በጣሊያን በኩል «አጋጣሚ» የሚለው ወገን ጎላ፤ ካርታው ባይሳሳት፣ ስሙ ባይደጋገም፣ ጓዶቹ ባይነጣጠሉ ኖሮ የሚል ቁጭት። በኢትዮጵያ በኩል «ተአምር» የሚለው ጎላ፤ ዕለቱ እሑድ፣ ወሩ በገባ በ23 የጊዮርጊስ ቀን፣ ታቦቱም ከጦሩ ጋር ዘምቶ ነበርና። ኋላ የመጡ የታሪክ ምሁራን ደግሞ «ዝግጅት» አሉ።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመዘን ይቻላል። የኪዳነ ምሕረት ስም መደጋገሙ ለጣሊያን ካርታ ሠሪ አጋጣሚ ነው። ለኢትዮጵያዊ ግን ከቶ አያስገርምም። በየደብሩ፣ በየተራራው ኪዳነ ምሕረት፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ አቦ ባለበት አገር አንድ ስም ሁለት ቦታ መገኘቱ የሚጠበቅ ነው። አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደሚሰየም አንድ ካህን ቢጠየቅ ኖሮ ስህተቱ ይታረም ነበር። አንዱ አጋጣሚ የሚለው ለሌላው አለማወቅ ነው። የማያውቁትን አገር ለመግዛት መምጣት ደግሞ አጋጣሚ አይደለም፤ የወረራ ጠባይ ነው።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1 እስከ 30 ባለቤት የሌለው ቀን የለም ማለት ይቻላል። ውጊያው በ12 ቢሆን የሚካኤል፣ በ16 ቢሆን የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ቢሆን የማርያም፣ በ27 ቢሆን የመድኃኔ ዓለም ድል ይባል ነበር። ይህ የአማኙን ምስጋና አያሳንሰውም፤ የዘመተው ሰው በዚያ ማለዳ የጠራው ጊዮርጊስን ነው፣ ስሙም ለልቡ ጉልበት ሆኖታል። ነገር ግን ቀኑን ብቻ ቆጥሮ ተአምር ነው ማለትና በቀኑ ላይ የተሠራውን ሥራ ማየት የተለያዩ ናቸው።

ሥራው ምን ነበር? ንጉሠ ነገሥቱ መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ጦር ከየአውራጃው አሰባስበው ለወራት ያህል አንድ ላይ አቆዩት። ባሻይ አውዓሎም ሐረጎትን የመሰለ ሰው ለጠላት ሰላይ መስሎ የጦሩን መበተን አውርቶ አሳመነ። ስንቅ እያለቀ ሲሄድ እንኳ ጠላት ከምሽጉ እስኪወጣ ጠበቁ። የጣሊያንም ስንቅ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፤ ባራቲየሪ ማፈግፈግ አስቦ ጄኔራሎቹ ወደ ፊት ገፉት፣ ከሮምም ድል አምጣ የሚል ግፊት ነበረበት። እንግዲህ የካርታው ስህተት የተዘጋጀ ጦር ላይ ባያርፍ ኖሮ አንድ ጄኔራል መንገድ ስቶ ተመለሰ ተብሎ በቀረ ነበር። የአጋጣሚ ሁለቱ ትርጉሞች ዓድዋ ላይ ተገናኙ፦ ለጣሊያን ያልታሰበ ግጥሚያ የሆነው ለኢትዮጵያ ምቹ ጊዜ ሆነ። የለያቸው ዝግጅት ነው።

ድሉን አጋጣሚ የሚል ሰው የሚሰርቀው ይህን ነው። «ተአምር ነው» ብሎ ብቻ የሚያልፍም ሳያስበው ያንኑ ይሰርቃል፤ ስንቅ የተሸከመችውን፣ መረጃ ያመጣውን፣ የጠበቀውን ሰው ይረሳል።

የ1966ቱ ግጥምጥሞሽ

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ዐመፀ። ቅርብ ምክንያቱ ውሃ ነው። የተራው ወታደር የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖች ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከለከለ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ሊያነጋግር የተላከውን ከፍተኛ የጦር አዛዥ አግተው ያንኑ ምግብና ውሃ አቀመሱት። የካቲት 11 ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ፣ መምህራን ደግሞ «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ጥናትና በደሞዝ ሥራ አቆሙ። ነዳጅ የናረው በመስከረም ማብቂያ በተነሣው የዐረብና የእስራኤል ጦርነት ሰበብ ነው። በጥቅምት ወር እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልሙን በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

የተሰበረ ፓምፕ፣ ሲና በረሃ ላይ የተተኮሰ መድፍ፣ የወሎ ድርቅ፣ አንድ የትምህርት ጥናት። እነዚህን አራቱን አስቀድሞ ያገናኘ እጅ የለም። ግጥምጥሞሽ ለሚለው ቃል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የዚያ ትውልድ ፖለቲከኞች አብዮቱን «ግብታዊ» ይሉት ነበር፤ ከግዕዙ «ግብት» ማለትም ድንገት ነው። መሪ ፓርቲ ሳይኖረው የፈነዳ ለማለት።

ነገር ግን ግብታዊ ማለት ሥር የሌለው ማለት አይደለም። ፓምፕ በሌላም አገር ይሰበራል፤ በሌላም አገር ነዳጅ ተወዷል። ነገሌ ላይ መንግሥት ያናወጠው የፓምፑ መሰበር ሳይሆን የመኮንኑ ጉድጓድ ለወታደሩ መከልከሉ ነው። ይህ የቆየ ሥርዓት ነው። የወሎ ድርቅ ተፈጥሮ ነው፤ መደበቁ ግን የሰው ውሳኔ ነው። የሚገጣጠሙት ነገሮች ምክንያት በምክንያት የተሞሉ ሆነው መገጣጠማቸው ብቻ ያልታቀደ ሊሆን ይችላል። ይህን ልዩነት ማየት ያቃተው መንግሥት ከየአቅጣጫው የመጣውን ጥያቄ «የጥቂት ረብሸኞች» ሥራ አድርጎ ያነበዋል፤ ሴራውን ሲያሳድድ ጉድጓዱን ሳይከፍት ይወድቃል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንይ። የዲምብልቢ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የቤተ መንግሥት ድግስና ቅንጦት በረሃቡ ምስል መሐል ተሰክቶበት ነው። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የሁለቱ ቀናት መከታተል ግጥምጥሞሽ አይደለም፤ ደርግ አስቦና አሰናድቶ የሠራው ነው። ረሃቡ እውነት ነው፤ ምስሉም እውነት ነው፤ ሰዓቱ ግን ተመርጧል። በአጋጣሚ አይደለም ማለት የሚገባን ቦታ ይህ ነው። ማለት የቻልነውም የወሰነው፣ ያቀናበረው፣ ያሳየውና የተጠቀመው ማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው።

ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ያው ደርግ ንጉሡ ከቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ ሕመም ማረፋቸውን አወጀ። ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም. አጽማቸው በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ግቢ ከመሬት በታች ተገኘ፤ በባለሥልጣናቱ ላይ በተመሠረተው ክስም መገደላቸው ቀረበ። ለአሥራ ሰባት ዓመት «በሕመም» የሚል ቃል አንድ ግድያ ሸፍኖ ኖሯል። የመንግሥት «ድንገተኛ» ሁሉ በጥርጣሬ የሚሰማው አለምክንያት አይደለም። ሕዝቡ በቂ ትምህርት ወስዷል።

ሳጥኑ የማን ነው?

ሁሉም የአጋጣሚ ቃላት አስፈሪ አይደሉም። «ዕጣ» የታመነ ቃል ነው። በአስቆሮቱ ይሁዳ ፈንታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። በየመንደሩ መሬት በዕጣ ተከፋፍሏል። የዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ቁራጭ ወረቀት ጠቅልለው በሰው ሁሉ ፊት ሲያወጡ ማንም አይከፋም፤ ዛሬ ባይደርሰው ነገ ይደርሰዋል። ዕጣ ማለት ሆን ተብሎ የተሠራ አጋጣሚ ነው። ሰዎች የማንንም አድልዎ ላለመፍራት ተስማምተው ውሳኔውን ከሰው እጅ ያወጡበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ዕጣ የተነካ ዕለት የሚጎዳው ቤት ያጣው ሰው ብቻ አይደለም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ወጡ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተመዝግበው ከደሞዛቸው እየቆጠቡ የጠበቁ ሰዎች ነበሩበት። በቀናት ውስጥ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ተካቶ ተገኘ ተብሎ የከተማው አስተዳደር ውጤቱን ሰረዘ። ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተጠርጥረው ታሰሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት «ሁሉም ነገር ሴራ ነው» የሚል ሊሆን ይችል ነበር፤ ብዙ ሰውም ያንን ወስዷል። ትክክለኛው ግን ሌላ ነው። ማጭበርበሩ የታወቀው ዕጣው ሊመረመር ስለቻለ ነው። የቆጠበውና ዕጣው ውስጥ የገባው ሰው ቁጥር ተነጻጽሮ አልገጥም አለ። «በአጋጣሚ አይደለም» የሚለው ፍርድ የመጣው ከምርመራው በኋላ እንጂ በፊት አልነበረም። የዕቁቡ ወረቀት በሰው ፊት ይጠቀለላል፤ የኮምፒውተሩን ግን ባለሙያ ብቻ ያየዋል። ዕጣ ላይ መጠየቅ ያለበት «ለማን ደረሰ?» ሳይሆን «ሳጥኑን ማን ይዞታል፣ ማንስ አይቶታል?» የሚለው ነው።

ቃሉ የሚያስከፍለው

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ ያለፉትን ዓመታት ያስታውስ። ጥቃት በደረሰበት ከተማ ከጥቃቱ በፊት በነበረው ቀን ቤቱን ቆልፎ የሄደ ጎረቤት «በአጋጣሚ አይደለም» ተብሏል፤ ዘመድ ሊቀብር ሄዶ ሊሆን ይችላል። ግጭት በተነሣበት ሰዓት ስልክ ሲያወራ የታየ ነጋዴ «በአጋጣሚ አይደለም» ተብሏል። ሁለት ክስተት አንድ ቀን ላይ ስለዋለ ብቻ ሰው ተደብድቧል፣ ሱቅ ተዘርፏል። መቶ ሃያ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባለበት አገር በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ይቆልፋል፣ ስልክ ይደውላል፣ ከተማ ይለቃል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ከአንድ መጥፎ ነገር ጋር ባይገጥም ነበር የሚያስገርመው። የቃላቱ ድምፅ እንኳ ይገጥማል፤ በአማርኛ ሴራ ክፉ ምክር ነው፣ በአፋን ኦሮሞ ሴራ ማለት ሕግ ነው። አንዱን ሰምቶ ስለ ሌላው መፍረድ ስህተት እንደሚሆነው ሁሉ ቀን ከቀን ስለገጠመ ብቻ ሰው ላይ መፍረድም ስህተት ነው።

ይህን ማለት መንግሥትን ነጻ ማውጣት አይደለም። እንዲያውም ሴራ የሚለው ቃል ባለሥልጣንን ከምንገምተው በላይ ይጠቅመዋል። «ሆን ብላችሁ አስራባችሁን» ለሚለው ክስ «ሆን ብለን አላስራብንም» ማለት ቀላል ነው፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። «ድርቅ መምጣቱን መቼ ሰማችሁ? ለማን ነገራችሁ? እህሉ የት ነበር?» ለሚለው ግን ቀን የተጻፈበት ወረቀት ማቅረብ ይኖርበታል። ቸልተኝነት፣ አለማወቅ፣ ንቀት፣ የተበላሸ አሠራር፤ እነዚህ ሴራም አጋጣሚም አይደሉም። ባለፈው መቶ ዓመት ከሴራ ያላነሰ ሰው የፈጁት ግን እነሱ ናቸው።

ወደ ክፉ ቀን እንመለስ። ያ «ደስታ» የተባለ በሽታ ከዚያ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት እየተመላለሰ ከብት ፈጅቷል። ቀን ሆኖ በቆየበት ዘመን ሰው ያደረገለት ነገር ጸሎትና ትዕግሥት ነበር። በስሙ ተጠርቶ፣ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚተላለፍ ታውቆ፣ ክትባት ተሠርቶለት በየበረሃው እንስሳ ሐኪም ሲላክ ግን ሸሸ። በ2003 ዓ.ም. ከመላው ዓለም መጥፋቱ በይፋ ታወጀ፤ ከሰው ልጅ በሽታ ፈንጣጣ ከጠፋ ወዲህ እንዲህ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ክፉ ቀንን የሚከትብ ሐኪም አልነበረም። በሽታው ግን ተከተበ።